በሩ ላይ የቆመው ሕዝብና ዕቅዱ ላይ የተጻፈው ሕዝብ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በከተማዋ ዳርቻ ያሉ ጤና ጣቢያዎች የሚያገለግሉት ሕዝብ በአካል እንዲቆጠር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከቦሌ አራብሳ፣ ከየካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከመሳሰሉት የከተማዋ ጠርዝ ሰፈሮች ነው። በተመላላሽ ሕክምና፣ በክትባት፣ በማዋለጃ፣ በመድኃኒት መጋዘንና በከተማ ጤና ኤክስቴንሽን የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ሰው ይጨመርልን፣ መድኃኒት ይጨመርልን፣ አምቡላንስ ይጨመርልን የሚል ደብዳቤ ከየወረዳው እንደሚደርሳችሁ እናውቃለን። እኛ ግን የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምናገለግለው ሕዝብ ይቆጠር። የቀረው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ሳይቆጠር የሚጨመርልን ነገር ሁሉ በተሳሳተ ቁና የተሰፈረ ይሆናል።

ቁናው ከየት እንደመጣ እንጀምር። አገሪቱ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ነበራት። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራው በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ቢልም ተከታዩ ቆጠራ ቀጠሮው እየተራዘመ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚደርሰን የወረዳ ሕዝብ ብዛት የዚያ ዘመን ቁጥር በዕድገት ምጣኔ እየተባዛ የመጣ ግምት ነው። ለልደታ ወይም ለአራዳ ግምቱ ቢስትም ብዙ አይስት ይሆናል። የእኛ ሰፈር ግን በ1999 ዓ.ም. ጤፍና ስንዴ ይዘራበት የነበረ ሜዳ ነው። የገበሬ መንደርን ቁጥር በዓመት ጥቂት በመቶ እያሳደጉ ቢሄዱ፣ ቢፈልጉ ሃምሳ ዓመት ይሂዱ፣ በብሎክ ከተሞላ የኮንዶሚኒየም ሳይት ጋር አይገናኝም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ፣ ከካዛንችስና ከሌሎች የመሃል ከተማ ሰፈሮች የተነሱ ቤተሰቦች ወደ ዳር ገብተዋል። ሰዎቹ ሲመጡ የበጀታቸውና የመድኃኒታቸው ኮታ አብሯቸው አልመጣም።

የነዋሪነት መዝገቡም አያድነንም። ኮንዶሚኒየም ተከራይ ይበዛበታል። ተከራይ ከቀድሞ ወረዳው መሸኛ አውጥቶ መታወቂያውን ማዛወር ብዙ ጊዜ አይሆንለትም፤ ወይ አከራዩ አይተባበረውም፣ ወይ በስድስት ወር ውስጥ ሌላ ሰፈር ስለሚሄድ ምን አደከመኝ ይላል። ሰውየው በመታወቂያው አራት ኪሎ ነው፣ በትኩሳቱ ግን እኛ ጋ ነው።

ስታንዳርዱ በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው፣ አንዲት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደግሞ ለ500 አባወራ ይላል። መጥፎ ስታንዳርድ አይደለም። የሚሠራው ግን 40,000ው ማን እንደሆነና 500ው በር የት እንዳለ ሲታወቅ ነው። 10,000 ቤት ያለው አንድ ሳይት 20 ባለሙያ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ያን ለማለት ግን ስንቱ ቤት ሰው እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው።

የቁጥሩ ጥፋት ከሁሉ ይልቅ በክትባት ላይ ስለሚታይ እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ። ለስሌት ያህል ብቻ፣ አንድ ወረዳ በዕቅድ 40,000 በአካል ግን 65,000 ሰው አለው እንበል። ከሕዝቡ 2 በመቶው ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው ብለን ብናሰላ፣ ዕቅዱ የሚጠብቀው 800 ሕፃን ሲሆን በየቤቱ ያለው 1,300 ነው። ጤና ጣቢያው በዓመት ለ900 ሕፃናት ሦስተኛውን ዙር ፔንታ (አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት) ቢሰጥ ሪፖርቱ 112.5 በመቶ ይላል፤ ወረዳው ይመሰገናል። እውነተኛው ሽፋን ግን 69 በመቶ ነው። 400 ሕፃን በየብሎኩ ሳይከተብ ተቀምጧል፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አልተወለደም። ኩፍኝ እንዳይዛመት በሁለቱም ዙር 95 በመቶ ያህል ሕፃን መከተብ አለበት፤ ከ100 በላይ ሪፖርት ያደረገ ወረዳ ላይ ኩፍኝ ሲገባ የሚገርመው ሰው ታህቱን፣ ማለትም ሽፋኑ የተካፈለበትን የሕፃናት ቁጥር፣ ያላየ ሰው ነው። ስለዚህ ከ100 በላይ የሆነ ሽፋን ሲደርሳችሁ የመዝጋቢውን ስህተት ከመፈለጋችሁ በፊት ያካፈለበትን ቁጥር እዩለት።

ከሕዝብ ግምት የመጣ ታህት የማያስፈልገው መለኪያም አለ። የመጀመሪያውን ፔንታ ከወሰዱት ውስጥ ሦስተኛውን ሳይወስዱ የቀሩት ስንት ናቸው የሚለው፣ የማቋረጥ ምጣኔ የምንለው ነው። ከ10 በመቶ ካለፈ ችግር አለ ይባላል። ሰው በሚጎርፍባቸው ሰፈሮች ግን ይህ ቁጥር ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ሦስተኛውን የወሰዱት ልጆች የመጀመሪያውን ከወሰዱት ይበልጣሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ልጁ የመጀመሪያውን በ6 ሳምንቱ መሃል ከተማ ወሰደ፣ ቤተሰቡ ተነሣ፣ ሦስተኛውን በ14 ሳምንቱ እዚህ ወሰደ። እዚያ አቋራጭ ተብሎ ይጻፋል፣ እዚህ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ሱፐርቪዥን የመጣ ሰው ለሁለቱም ጤና ጣቢያ የመረጃ ጥራት ጉድለት ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ጉድለት አይደለም፣ የፍልሰት አሻራ ነው። የማቋረጥ ምጣኔያቸው ከዜሮ በታች የሆነባቸውን ወረዳዎች ብቻ ለይታችሁ ብታወጡ ቆጠራው ከየት መጀመር እንዳለበት ያለ ምንም ወጪ ታውቃላችሁ። መረጃው አሁንም እጃችሁ ላይ ነው።

ቁጥሩ ሲያንስ ብልቃጥ መክፈት ያስፈራል። የኩፍኝ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ነው። ዱቄቱ በማሟሟሻው ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት አያልፍም፤ የዕለቱ ክትባት ከዚያ በፊት ካበቃም የተረፈው ይጣላል። የቢሲጂው (የሳንባ ነቀርሳ ክትባቱ) ብልቃጥ 20 ልጅ ይከትባል፣ ደንቡ ያው ነው። ፔንታ የተለየ ነው፤ በአግባቡ ከቀዘቀዘና ብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት ምልክት ካልጠቆረ የተከፈተው እስከ 28 ቀን ይሠራል። ስለዚህ በፔንታ ማንም ልጅ አይመለስም፣ በኩፍኝ ግን ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አንድ ልጅም ቢመጣ ብልቃጡ ይከፈት ነው። ኮታዋ ለ800 ሕፃን የተሰላላት ከታቢ ግን ለአንድ ልጅ ከፍታ የዘጠኝ ልጅ ክትባት መጣል ይከብዳታል፤ ወር ሳያልቅ ብልቃጥ ያልቅባታል። «ሐሙስ ይምጡ፣ ልጆች ሲሰበሰቡ» ትላለች። ሐሙስ እናትየዋ ሥራ ላይ ናት። በ9 ወሩ የሚሰጠውን እንደምንም ታስከትባለች፤ የ15 ወሩ ግን ልጁ ዳዴ ትቶ ሲሮጥ፣ ጤነኛም ሲመስል ስለሆነ በዚያው ይቀራል።

መፍትሔው ብክነትን ደብቆ መያዝ ሳይሆን ዕቅድ ውስጥ ማስገባት ነው። አንድ ብልቃጥ በአማካይ ለ4 ልጅ የሚከፈት ከሆነ 60 በመቶው ይባክናል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ 2.5 ዶዝ ማዘዝ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ስሌት ሁላችንም እንችላለን። የምንችለው ግን ስንት ልጅ እንዳለ ሲነገረን ነው።

የመድኃኒት መጋዘኑም ከዚህ አይለይም፤ እንዲያውም ስህተቱ ራሱን የሚመግብ እዚያ ነው። ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ የተጠቀመውን ሪፖርት አድርጎ የሚያስፈልገውን ይጠይቃል፤ ከፍተኛው ክምችት 4 ወር፣ ዝቅተኛው 2 ወር ነው። በ60 ቀን ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒት ከሆነው ከአምሎዲፒን 6,000 ፍሬ ወጥቷል እንበል። ወርኃዊው 3,000 ነው፣ የ4 ወሩ 12,000። ነገር ግን ቢን ካርዱ (የመደርደሪያው ገቢና ወጪ መመዝገቢያ) ሲታይ መድኃኒቱ 20 ቀን ከመደርደሪያው ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ 6,000 የወጣው በ40 ቀን ነው፤ ሲስተካከል የ60 ቀኑ ፍጆታ 9,000፣ የ4 ወሩ ክምችት 18,000 መሆን ነበረበት። የጎደለው 6,000 ፍሬ በቀን አንድ ለሚውጥ ሰው ሲካፈል 50 የደም ግፊት ታማሚ አራት ወር ሙሉ ያለ መድኃኒት ነው። ያለቀበትን ቀን ያላስተካከለ ፋርማሲስት ዘንድሮ ያጣውን ለከርሞም ያጣል። ያስተካከለውም ቢሆን የሚያየው መጥቶ የወሰደውን ሰው ብቻ ነው፤ ሁለት ጊዜ «የለም» ተብሎ ሦስተኛ ያልመጣው ሰው በየትኛውም ካርድ ላይ የለም። እሱን የሚያሳየን የቤት ለቤት ቁጥር ብቻ ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንበል፣ ከቆጠራው ጋር በቀጥታ ባይያያዝም። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድና ሁኔታው የተረጋጋ ሰው የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይዞ መሄድ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰልፉም ቀለለ፣ ሰዉም አላቋረጠም። ግፊቱ ከ140 በ90 በታች ወርዶ ለወራት የተረጋጋ፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖር የ70 ዓመት ሰው ግን በየወሩ ደረጃ ወርዶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ካርድ ክፍል ተሰልፎ 30 ፍሬ ይወስዳል። ለእሱ የ3 ወር መስጠት ምን ይከለክላል? ክምችት ካልን፣ ክምችቱን የሚወስነው ያው ቁጥር ነው።

ወደ ቤት ለቤቱ እንምጣ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ሲጀመር የታሰበው ሰው ቤት አለ ተብሎ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በር የምታንኳኳ ባለሙያ የምታገኘው የተቆለፈ በር፣ ወይም «እመቤቴ የሉም» የምትል የቤት ሠራተኛ ነው። (የቤት ሠራተኛዋ ራሷ ከክትትል ሁሉ የቀረች መሆኗን ማንም አያስተውልም፤ ብዙ ጊዜ የቲታነስ ክትባት ያልጀመረች፣ መታወቂያ የሌላት፣ ስሟ በማንም ቤተሰብ ማህደር ያልገባ ልጅ ናት።) ባለሙያዋ የጎበኘችው በር ይቆጠርላታል፣ የተከፈተላት ግን አይቆጠርም። ሰው ቤቱ የሚገኘው ከአመሻሹ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓትና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የሥራ ሰዓታቸው በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ማታ ቢዛወርና በዚያው ልክ ጠዋት ቢያርፉ ተጨማሪ ደመወዝ አይጠይቅም። ለሴት ባለሙያ ማታ ደረጃ መውጣት አያስመኝም፤ ስለዚህ ሁለት ሆነው፣ ከብሎኩ ተወካይ ጋር ይሁን።

ክትባቱንም ወደ ሰዉ ማውጣት ይቻላል። በየሳይቱ ኮሚናል ቤት አለ፣ ለማረጃና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራው፤ ብዙው ወይ ተቆልፏል ወይ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያና የሚዘጋ በር ካለው በወር አንድ ቅዳሜ የክትባት ጣቢያ ይሆናል። ልብ መባል ያለበት የበረዶው ነገር ነው። ከፍሪዘር ወጥቶ ወዲያው ቫክሲን ካሪየር (የክትባት መያዣ ሳጥን) ውስጥ የገባ በረዶ ፔንታን ያቀዘቅዛል ሳይሆን ይገድለዋል፤ ክትባቱ ፈሳሽ ሆኖ ይታያል፣ ጥቅም ግን የለውም። በረዶው ውጭ ተቀምጦ ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ እስኪሰማ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጠዋት ስንቸኩል የምንዘልላት ሥራ ይህቺ ናት።

ስለ ማዋለጃው አጭር እንሁን። ኦክሲቶሲን የተባለው መርፌ እናትየዋ እንደወለደች በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት በጡንቻ ይሰጣል፣ ደም መፍሰስን ይከላከላል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። በዳርቻው መብራት ብዙ ይጠፋል፤ የክትባቱ ፍሪጅ ሙቀቱ በቀን ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፣ የማዋለጃው ኦክሲቶሲን ግን አንዳንዴ ትሪ ላይ ይውላል። ሞቆ የሰነበተ ኦክሲቶሲን ማንም ሳያውቀው ይዳከማል፤ ከዚያ ማህፀኑ እምቢ አለ ይባላል። የጄኔሬተር ነዳጅ በስንት ወላድ ይሰላል? ያው በዕቅዱ ቁጥር ነው። ሪፈር ስትባልም ከአንድ ጠርዝ ሰፈር ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ወይም ወደ መሃል ከተማ የምትሄድ ወላድ መንገድ ላይ የምታጠፋው ሰዓት ተመዝግቦ አያውቅም፤ ቅጹ የወጣችበትን እንጂ የደረሰችበትን ሰዓት አይጠይቅም። አንድ ዓምድ መጨመር ነው።

ውሃውን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቧንቧው በባዶው ሰዓት ከአካባቢው ቆሻሻ ይስባል፣ በተለይ ፍሳሹ ከማንሆሉ ሲገነፍል። ሮቶ የሞላበት ግቢ ሮቶውን አጥቦ አያውቅም። የአካባቢ ጤና ባለሙያ ቧንቧው ላይ ያለውን ቀሪ ክሎሪን በእጅ መለኪያ በአምስት ደቂቃ ያያል፤ በሊትር ከ0.2 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ሰዉ ጀሪካኑን ማከም አለበት። 5,000 ሊትር ሮቶ ለማጽዳት ከታጠበ በኋላ 70 በመቶ ክሎሪን ያለው ዱቄት 360 ግራም ያህል ተበጥብጦ ይጨመርና ሙሉ ሌሊት አድሮ ይደፋል፤ ያ ውሃ አይጠጣም። ለስንት ሮቶ ስንት ኪሎ ዱቄት? እሱንም አልቆጠርንም።

አሁን ደግሞ ቆጠራው እንዴት ይሁን የሚለው። ብሔራዊ ቆጠራ እንድታካሂዱ አይደለም የምንጠይቀው፤ ሥልጣኑም የእናንተ አይደለም። የምንጠይቀው የአገልግሎት ቆጠራ ነው፤ በር፣ በበሩ ውስጥ ያለ ሰው፣ ዕድሜ፣ ሌላ የለም። የተላለፉ ቤቶች ዝርዝር በሳይት፣ በብሎክ፣ በፎቅና በበር ቁጥር የቤቶች ቢሮ ጋ አለ፤ መነሻው እሱ ይሁን። ቅጹ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፦ የበሩ ቁጥር፣ ጠቅላላ ሰው፣ ዓመት ያልሞላው፣ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ነፍሰ ጡር፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት፣ ከ60 ዓመት በላይ፣ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል። ኤችአይቪ በር ላይ አይጠየቅም፣ በፍጹም። ስም አይጻፍ። ባለቤት ነህ ወይስ ተከራይ ተብሎም አይጠየቅ፤ ይህች ጥያቄ ቆጠራውን ትገድለዋለች። አከራዩ የኪራይ ግብር ሊጥሉብኝ መጡ ብሎ፣ ተከራዩ ሊያስወጡኝ ነው ብሎ፣ ስድስት ሰው ያለበት ቤት «ሁለት ነን» ይባላል።

በአንድ በር 4 ደቂቃ ብንይዝ፣ ከ11 ተኩል እስከ 2 ሰዓት አንድ ጥንድ 35 በር ያህል ይጨርሳል። 500 በር 15 ምሽት ነው፣ ሦስት ሳምንት። የተዘጋ በር በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ይመለስበት፤ ከዚያ በኋላም ካልተከፈተ የብሎኩን ጥበቃ ጠይቆ ለብቻው በምልክት ይጻፍ። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን እንዳረገዘች ከጥበቃው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከዚህ ቀደም በየሥራው የምናየው ትልቁ ስህተት የተዘጋን በር ባዶ ቤት ብሎ መጻፍ ነው። ለማመሳከሪያ የመብራት ቆጣሪ ይጠቅማል፤ ካርድ የሚሞላበት ቤት ሰው ያለበት ነው፣ በሳይት ደረጃ ያለውን ድምር ብቻ መጠየቅ ይበቃል። ከመቶ አምስቱ በር በሌላ ቡድን ይደገም፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ያ ብሎክ እንደገና ይቆጠር።

በብሎክ ዝርዝር ውስጥ የማይገቡትን ግን አደራ። ጨረቃ ቤቶች፣ የነባር ገበሬዎች መንደሮች፣ ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ የሚያድሩ የግንባታ ሠራተኞች፣ ከወንዝ ዳር የተጠጉ የላስቲክ ቤቶች አሉ። እነዚህ የበር ቁጥር የላቸውም፤ በእጅ ንድፍ ካርታ ተሥሎ፣ በር በጠመኔ እየተመለከተ ይቆጠሩ። የሚያስሉት፣ ክትባት ያልጀመሩት፣ ቤታቸው የሚወልዱት ከሌላው ሰፈር ይልቅ የሚበዙት እነሱ ዘንድ ነው፤ ሕጋዊ ይዞታ የሌለውን ቤት መቁጠር ዕውቅና መስጠት ይመስላል ብሎ የሚፈራ ኃላፊ ካለ፣ የሳንባ ነቀርሳ የይዞታ ካርታ አይጠይቅም በሉልን።

የሳንባ ነቀርሳን ካነሣን፣ ሕክምናው 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያው 2 ወር አራት መድኃኒት፣ ቀጣዩ 4 ወር ሁለት። በሦስተኛው ወር ላይ ያለ ሰው ቤቱ ፈርሶ ወደ ዳር ሲመጣ ማዛወሪያ ወረቀት የሚይዝ ጥቂቱ ነው። ሁለት ተከታታይ ወር ካቋረጠ የጠፋ ተብሎ ይዘጋል። መንግሥት ቤተሰቦችን ሲያነሣ ስማቸውና መድረሻቸው አስቀድሞ ይታወቃል። ዝርዝሩ ከመነሻው ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ለሁለቱም ጤና ጣቢያዎች ይድረስ፤ ነባሩ ጤና ጣቢያ በክትትል ላይ ያሉትን ከራሱ መዝገብ ለይቶ፣ የክትባትና የእርግዝና ካርዳቸውን ግልባጭ እንዲሁም የአንድ ወር መድኃኒት አስይዞ ይሸኛቸው። ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት አያስፈልግም፣ አንድ ስልክ የሚደውል ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ሸገር ከተማ ከመንገዱ ማዶ ነው። ከዚያ ማዶ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፣ ከእኛም ወደዚያ የሚሻገር አለ። ክትባት በነጻ ስለሆነ ማንም አይመለስም፣ መመለስም የለበትም፤ በላዕሉ (በተከተቡት ቁጥር) ግን ይቆጠራል፣ በታህቱ አይገባም። በየወሩ ከማዶ የመጡትን በአንድ ተጨማሪ ምልክት መለየትና ከማዶው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር መለዋወጥ ይበቃል። የጤና መድን ካርዱ ጉዳይ ግን ከባድ ነው። ካርዱ ውል ያለበት ጤና ጣቢያ ብቻ ስለሚሠራ፣ መታወቂያውም በሌላ ወረዳ ስለሆነ፣ አባል መሆን የሚገባው ድሃ ተከራይ በሁለቱም በኩል ይወድቃል። የብሎክ ማህበሩ ማረጋገጫ ለአባልነት ይበቃ እንደሆነ ከመድን አገልግሎቱ ጋር ተነጋገሩበት።

ቀኑን በተመለከተ፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳ ዕቅድ የሚሠራው ከዚያ ብዙ ወር ቀድሞ ነው። ቆጠራው በጥር ተጀምሮ የካቲት 30 ቢያልቅ ለዕቅዱ ይደርሳል፤ በግንቦት የደረሰን ቁጥር ለከርሞ ነው። ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ የገባውንና የወጣውን ብቻ ከብሎክ ተወካዮች መሰብሰብ ይበቃል። የተቆጠረው ቁጥር በየጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ፤ ነዋሪው አይቶ «የእኛ ብሎክ የታለ?» ይበል። ምላሻችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ ቆጠራውን የማትቀበሉት ከሆነ ደግሞ ለዘንድሮ ዕቅድ የተጠቀማችሁበት የየወረዳው ቁጥር ከየት እንደተሰላ ይገለጽልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በአዲስ አበባ ዳርቻ ወረዳዎች የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች

አባሪ፦ የቤት ለቤት ቆጠራ ቅጽ ረቂቅ፣ ግማሽ ገጽ

ግልባጭ፦
ለየክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት
ለከተማ አስተዳደሩ የቤቶች ጉዳይ ቢሮ
ለየሳይቱ የጋራ ሕንፃ ቤቶች ማህበራት